አውራ ጣቴን የማያውቀው ማሽን

አሶሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017

ለእህቴ ለዐርዋ ባቢከር፣ ካለሽበት ህንድ አገር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬ ከማንጎው ጥላ ተነስቶ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። አላህ በሰው አገር ክፉ ሰው አያሳይሽ፣ ሐኪምም ፖሊስም አያስፈልግሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ደህና ብቻም አይደለሁም።

ይሄን የምጽፍልሽ በኢሜይል ነው። አዎ እኔ ኻሚስ፣ ያባትሽ ያጎት ልጅ የዓብዱልላጢፍ ልጅ፣ ከሰባተኛ ክፍል አልፎ የማያውቀው። እንዳትስቂ። ኮሌጁ ሠራተኛውን ሁሉ፣ ጥበቃውንም፣ ጽዳቱንም፣ እኛንም የካፌ ቲከሮቹን ኮምፒውተር ማስተማር ጀምሯል። አሰልጣኛችን ገላኔ ትባላለች፣ የባምባሲ ልጅ ናት፣ ስትቆጣም ቀስ ብላ ነው። የቤት ሥራችን «ሩቅ ላለ ዘመድ ደብዳቤ ጻፉ» ነው። አንዱ ለነቀምት ጻፈ፣ አንዱ እዚሁ ለባምባሲ ጻፈ። እኔ ህንድ ስል ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ማን አለህ ህንድ?» አለችኝ ገላኔ።

«ይሄን የዲጂታል ዕቅድ የጻፈችው መምህርት እህቴ ናት። እዚያ ዶክተር ልትሆን ነው የሄደችው» አልኳት። ወንበሯን ለቀቀችልኝ ማለት ይቻላል።

ዕቅድሽ ምን እንዳደረገ ልንገርሽ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፣ አንቺው ነሽ ያስገባሽኝ። ተማሪው ካፌው በር ላይ የምግብ ካርዱን ይዘረጋል፣ እኔ የቀኑ ቁጥር ላይ በእስክሪብቶ «ቲክ» አደርጋለሁ፣ ይገባል፣ ይበላል። አሁን እስክሪብቶ ቀርቷል። በሩ ላይ ማሽን ተተክሏል። ተማሪው አውራ ጣቱን ያስነካል፣ አረንጓዴ ይበራል፣ ያልፋል። እኛም ሠራተኞቹ ጠዋት ስንገባ ማታ ስንወጣ እንደዚያው በጣት ነን። ከቲከሮቹ የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሰርተፍኬት ያለው፣ ማሽኑን የሚጠብቅ። ያ አንድ ሰው ማን ይመስልሻል?

አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ማሽኗ የሁሉንም ጣት ተቀብላ የእኔ ላይ ስትደርስ ቀይ አበራችና በሴት ድምፅ «እንደገና ይሞክሩ» አለች። ሞከርኩ። «እንደገና ይሞክሩ።» የጥበቃው ኃላፊ «ኻሚስ፣ ሴትዮዋ ወዳሃለች መሰለኝ፣ አትለቅህም» ብሎ ግቢውን አሳቀው። እኔም ሳቅኩ። ስምንት ዓመት ወርቅ የቆፈረ እጅ አይታ ስለማታውቅ ደንግጣ ነው። ትለምደኛለች።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ዲጂታል ሰው ሆኜ በዚች ባለ ቁልፍ ስልክ መታየት ያሳፍራል። ህንድ ስልክ እንደ ማንጎ ከዛፍ ይወድቃል ይላሉ፣ አንድ ብታነሺልኝ።

እናትሽን ኸድራን ዓርብ ዓርብ ሆሞሻ ሄጄ አያታለሁ። ደህና ናት። «መቼ ነው የምትመጣው?» ትለኛለች፣ «ለዒድ» እላታለሁ፣ አንቺ እንዳልሽው።

ወንድምሽ፣ የነገው የዲጂታል ኃላፊ፣
ኻሚስ


ፑኔ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017

ውድ ወንድሜ ኻሚስ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። የአላህ ጥበቃ ከአንተም ከቤቱም አይራቅ።

ደብዳቤህን ካንቲን ውስጥ ቆሜ አነበብኩትና ብቻዬን ሳቅኩ። እዚህ ብቻውን የሚስቅ ሰው አዲስ አይደለም፣ ማንም ምን ሆነሽ አላለኝም። አብራኝ የነበረችው ልጅ ጨርሳ አገሯ ገብታለች። ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው፣ በባዶው ላይ መጻሕፍቴን ደረደርኩበት፣ ሰው ያለበት እንዲመስል።

መልሱ የዘገየው ሥራ ይዞኝ ነው። በጥር መጨረሻ ትልቅ ስብሰባ ላይ ስለ ኮሌጃችን ዕቅድ እናገራለሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፌም የቆመው በሱ ላይ ነው። አማካሪዬ «ወረቀት ላይማ ያምራል፣ ሰው ተቀብሎታል ወይ?» እያሉ ያስጨንቁኛል። አንተ መሐሉ ስላለህ ጻፍልኝ። ሥልጠናውን ሠራተኛው ወደደው? ማንም ወደ ኋላ አልቀረም አይደል? ጥሩ ጥሩውን ምሳሌ ፈልግልኝ።

ስለ ጣትህ፣ ታጠብ፣ አድርቅ፣ ከዚያ ዝም ብለህ አስቀምጠው። አንተ ትቸኩላለህ። ከማሽን ጋር ትግል አትግጠም።

ስልኩን እናያለን። ለእናቴ ጽሑፉ ካለፈ ለዒድ እመጣለሁ በልልኝ። «ካለፈ» ያልኩትን ግን አትንገራት።

እህትህ ዐርዋ


አሶሳ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017

ለክብርት እህቴ ለዐርዋ፣

እግርሽን ከእንቅፋት፣ ጽሑፍሽን ከምቀኛ ይጠብቅልሽ።

ምሳሌ አልሽ፣ እንቺ ምሳሌ። ጽዳት የምትሠራዋ ሴትዮ ስሟን መፈረም የማትችል ነበረች፣ አሁን ኮምፒውተሩ ላይ ስሟን ጽፋ፣ አትማ፣ ቤቷ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። የጥበቃው ኃላፊ ለሚስቱ ኢሜይል ላከ፣ ሚስቱ ኢሜይል ስለሌላት እስካሁን መልስ እየጠበቀ ነው። ይሄንን ጻፊው። ሰርተፍኬትም ተሰጠን። የእኔ መጀመሪያ ነው የታተመው፣ ማተሚያው አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ስለነበርኩ። በሩም ለእኔ ተሰጠ፣ እንዳልኩሽ። ሰዉ ሁሉ ዕቅድሽን ወዶታል።

አንድ ነገር ግን አለ፣ እሱን ጽሑፍሽ ውስጥ እንዳትከቺው። ማሽኗ አልለመደችኝም። ታጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ በሎሚ አሸሁ፣ ቫዝሊን ቀባሁ። አንዱ «ንከሰውና አስነካው» አለኝ፣ ነከስኩት። ገላኔ እጄን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችኝ፣ በብርሃን እያገላበጠች አየችው።

«ምንድነው?»

«መስመር የለህም፣ ኻሚስ።»

ለካ የሰው ሁሉ ጣት ላይ መስመር አለ፣ ማሽኗ የምታነበው እሱን ነው። የእኔን ድንጋዩና አሸዋው በልቶ ጨርሶታል። አስሩንም ሞከረች፣ አንዱም አልሆነም። «እስክሪብቶ ስጪኝ፣ እኔ እሥለዋለሁ» አልኳት። አልሳቀችም።

ከዚያ አቶ ሙላቱ ጠራኝ፣ የሰው ሀብት ኃላፊው፣ የፓዌው።

«ኻሚስ፣ ሲስተሙ ሥራ አትመጣም ይላል።»

«አቶ ሙላቱ፣ ይኸው ፊትዎ ቆሜያለሁ እኮ!»

«እኔማ እያየሁህ ነው። እሱ አያይህም።»

«ታዲያ ከሁለታችሁ ማን ይበልጣል?»

«እሱን እህትህን ጠይቃት» አለኝ።

እየሳቀ ነው ያለኝ፣ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሲስተሙ ቀሪ ነው ካለ ደመወዝ የለም፣ እስከ የካቲት መጨረሻ እንዲህ ከቀጠለ ደግሞ ስሜን ራሱ ከሥራ ያወጣዋል አለ። አትጨነቂ። እኔ ኻሚስ ነኝ፣ ጉድጓድ ተደርምሶብኝ ወጥቻለሁ።

ስልኩን ተይው። ይልቅ የእጅ ቅባት ላኪልኝ፣ ቆዳ የሚያበቅል። ህንዶች አላቸው ይባላል። ለሴት አይደለም፣ ለእኔ ነው።

ወንድምሽ ኻሚስ


አሶሳ፣ ጥር 20 ቀን 2017

ለእህቴ ለዐርዋ፣

ከሁሉ በፊት ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ የማይተኛው ጠባቂ አይለይሽ።

መልስሽ አልመጣም። ኔትወርክ ነው ብዬ ገላኔን አስከፈትኳት። ለሌላው ሰው ይደርሳል።

ሥልጠናው አልቋል፣ ገላኔ ግን ከሥራ በኋላ እየመጣህ ጻፍ ብላ ክፍሉን ትከፍትልኛለች። ሌሎቹ ቲከሮች ሄደዋል። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ ባምባሲ ገብታለች፣ የቀሩትን አላውቅም። በሩ ላይ እኔና ማሽኗ ቀረን። ድሮ ተማሪው ሲገባ «ኻሚስ፣ ዛሬ ምንድነው ወጡ?» ይለኛል፣ «ሽሮ፣ ነገም ሽሮ፣ አላህ ያጽናህ» እለዋለሁ። ማን ፈተና እንደወደቀ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ በካርዱ አሰጣጥ አውቅ ነበር። አሁን ዐይኑ ጣቱ ላይ ነው። መብራቱን አይቶ ያልፋል። ቀኑን ሙሉ ሰው ባጠገቤ ይጎርፋል፣ ማታ ጋደም ስል ዛሬ ከማን ጋር አወራሁ ብዬ ሳስብ ከሴትዮዋ ጋር ብቻ ነው። «እንደገና ይሞክሩ።»

የሚያናድደኝ የእኔ ብቻ አይደለም። ክረምት ክረምት ወርቅ የሚያጥቡ ተማሪዎች አሉ፣ ከኩርሙክና ከመንጌ በኩል የሚመጡ። ማሽኗ እነሱንም አታውቃቸውም። ትላንት አንዷ ልጅ ጣቷን እያስነካች ቀይ፣ እያስነካች ቀይ። ከኋላዋ ያለው ሰልፍ «አንቺ ልጅ፣ ጥፊ ወይ እለፊ!» ይላል። ሁለት ዓመት ካርዷን ያየሁላት ልጅ ናት። «ግቢ» አልኳት። ገባች፣ በላች። ዛሬ ጠዋት አቶ ሙላቱ «በማን ፈቃድ?» አለኝ። «በፊቷ» አልኩት። ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ።

ስለዚህ ቅባቱም ስልኩም ይቅር። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። ዕቅዱ ሰው የሚታወቀው በጣት ብቻ ነው ይላል አሉ። ገላኔ «ጣቱ ለማይነበብ በካርድ ይሁን» ብላ ጠየቀች፣ ዕቅዱን መለወጥ የሚችለው የጻፈው ሰው ነው ተባለች። የጻፍሽው አንቺ ነሽ። «በካርድም ይቻላል» ብለሽ ላኪላቸው። አጭር ነገር ናት፣ እኔ ራሴ በአንድ ጣት የምጽፋት።

ኻሚስ


ፑኔ፣ የካቲት 8 ቀን 2017

ውድ ኻሚስ፣

ሰላምህ ይብዛ፣ ልፋትህን አላህ ይይልህ።

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። መልስ ያልሰጠሁህ ምን እንደምል ስለጠፋኝ ነው።

ስብሰባው አለፈ። መድረኩ ላይ ቆሜ ስለ ጽዳት ሠራተኛዋ ተናገርኩ፣ ሰው አጨበጨበ። ስለ ጥበቃው ኃላፊ ሚስትም ተናገርኩ፣ ሳቁ። ከዚያ አንድ ፕሮፌሰር «ወደ ኋላ የቀረ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «የለም» አልኩ። ክፍሌ ስገባ የምነግረው ሰው ስላልነበረ ልብሴን እንኳን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

አሁን ኮሌጁን «አስተካክሉ» ብዬ ብጽፍ፣ የተናገርኩት ልክ አልነበረም ማለት ነው። አማካሪዬ ምዕራፉን የሚያጸድቁት በሰኔ ነው። እስከዚያ ታገሠኝ። ወይ ሙላቱ ለጊዜው ሌላ ሥራ ይስጥህ፣ የአትክልት ቦታውን ወይ መጋዘኑን። ሰው ከፈለገ መንገድ አይጠፋም።

ቅባቱን ወደ አገር ለሚገባ ልጅ ሰጥቼዋለሁ፣ አሶሳ ድረስ ያደርስልሃል። ለእናቴ ደህና ነች በልልኝ።

ዐርዋ


አሶሳ፣ የካቲት 30 ቀን 2017

ለመምህርት ዐርዋ፣

ረመዳንሽ የተባረከ ይሁን።

ቅባቱ ደርሷል። ለእናትሽ ሰጠኋት።

ዛሬ ስሜ ወጣ። ማንም አልጠራኝም፣ ማንም አልተናገረኝም። ገላኔ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ከሠራተኛው ዝርዝር የለሁም። አቶ ሙላቱ ጋ ሄድኩ። «እኔ አላባረርኩህም፣ ወላሂ» አለኝ፣ ክርስቲያኑ ሰውዬ በእኔ አምላክ ማለ። መጋዘኑንም ጠየቅኩት፣ አንቺ እንዳልሽው። የመጋዘኑም በር ላይ ማሽን አለ።

ዓርብ ዕለት ሆሞሻ እናትሽ ጋ ነበርኩ። ቅባቱን ስሰጣት እጇን ዘረጋች፣ ያዝኩና ገልብጬ አየሁት። ጣቷ መስመር የለውም፣ የቅል ውስጥ ይመስላል። ስንት ዘመን ነው ወንዝ ውስጥ ጎንበስ ብላ አሸዋ ያጠበችው? ያባትሽንም ጣት አፈር ሳይበላው በፊት ድንጋይ በልቶታል። ዛሬ ተነስቶ ልጄ የምታስተምርበትን ግቢ ልይ ብሎ ቢመጣ፣ ያንቺ ማሽን «እንደገና ይሞክሩ» ትለው ነበር።

አልሰድብሽም፣ ጾመኛ ነኝ። ከነገ ወዲያ ኩርሙክ በኩል ወደ ወርቁ እሄዳለሁ። እዚያ ኔትወርክ የለም፣ ጣትም የሚጠይቅ የለም። እዚያ ሰው በፊቱ ይታወቃል። አሁን ገላኔ ቁልፏን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፣ የማፍጠሪያ ሰዓት ደርሷል።

ኻሚስ


ፑኔ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017

ኻሚስ፣ ወንድሜ፣

ሰላም ልልህ አፈርኩ፣ ግን ሰላም ላንተ ይሁን።

ትንሽ ሳለሁ አባቴ እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ይወስደኝ ነበር። የሌሎቹ አባቶች እጅ ይሻክራል፣ የእሱ ግን ጫፍ ጫፉ ልስልስ ያለ ነበር፣ እኔ በዚያ እኮራ ነበር። ለምን እንደለሰለሰ አንድ ቀን እንኳን ጠይቄው አላውቅም። ያንተን ደብዳቤ ሳነብ ነው የገባኝ።

ዛሬ ለኮሌጁ ጻፍኩ። ጣቱ የማይነበብ ሰው በካርድና በፊቱ ይታወቅ፣ የጠፋበት ደመወዝ ይመለስለት፣ ከሥራ የወጣውም ይግባ ብዬ ፈረምኩበት። ለአማካሪዬም ነገርኳቸው። ተቆጡኝ አልልህም፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «እንግዲህ ምዕራፉን እንደገና ትሠሪዋለሽ፣ አንድ ዓመት ይጨመራል» አሉኝ። ስለዚህ ለዒድ አልመጣም። ይሄን ለእናቴ እኔ ራሴ በስልክ እነግራታለሁ፣ አንተ ላይ አልጥለውም።

ይሄ ደብዳቤ ሳትሄድ ደርሶህ ይሆን?

ዐርዋ


ፑኔ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017

ኻሚስ፣

ዒድ ሙባረክ። እናንተ ትላንት አከበራችሁ፣ እኛ ዛሬ ነው። መስጊድ ሄጄ ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር ተቃቅፌ ተመለስኩ። አንዷ ጣፋጭ በሳህን ሰጠችኝ፣ ሳህኑን የት እንደምመልስላት አላውቅም።

ኮሌጁ እሺ ብሏል፣ ሙላቱም ና የሚል መልእክት በሚኒባስ ልኬለታለሁ ብሎኛል። ገላኔም ደብዳቤዬን አልከፈትከውም አለችኝ። ጉድጓድ ተደርምሶብኝ ወጥቻለሁ ያልከኝን ያኔ እንደ ጉራህ ቆጥሬ ነበር ያለፍኩት። አሁን እያሰብኩት አልተኛም።

ተሳደብ፣ ብቻ ጻፍልኝ።

ዐርዋ


አሶሳ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2017

ለእህቴ ለዐርዋ ባቢከር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከሄድሽበት በሰላም የሚመልስሽ ጌታ ሌሊትሽን ያሳጥርልሽ።

አለሁ። ኮሌጁ ያለ እኔ መቆም አቅቶት አስመጥቶኛል። አቶ ሙላቱ ለሆሞሻው ሹፌር፣ ሹፌሩ ለባለ ሞተር፣ ባለ ሞተሩ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ «ኻሚስ! ፊትህን ይዘህ ና ተብለሃል!» ብሎ ጮኸ። ጭቃ እንደለበስኩ ወጣሁ። ምን አገኘህ አትበዪኝ፣ ወርቁም እንደ ማሽኗ ነው፣ ሰው ይመርጣል። ደብዳቤዎችሽን ገላኔ አትማ አስቀምጣልኝ ነበር፣ ባንድ ቀን አነበብኳቸው። ከዚያ ውጭ ወጥቼ ትንሽ ቆየሁ።

አሁን በሩ ላይ ሁለት ሰልፍ ነው፣ የጣትና የካርድ። የካርዱ የእኔ ነው። አጭር ነው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቶሎ ያልቃል። ሲያልቅ ያቺ «ግቢ» ያልኳት ልጅ ወንበር ስባ ትቀመጥና ስለ ፈተናዋ ታወራኛለች፣ እኔም የተማርኩ ይመስል እመክራታለሁ። እሷ ስትሄድ ያው ነው፣ የማሽኗን ድምፅ እሰማለሁ።

ስለ ቅዳሜው ልጻፍልሽ። እናትሽ በስልክ ድምፅሽን ብትሰማም ፊትሽን ካየች ሁለት ዓመቷ ነው። የዒድ ቶቧን ለብሳ፣ እግሯን በኮሳ ቀለም አስጊጣ፣ ከሆሞሻ በሚኒባስ አመጣኋት። ገላኔ ታብሌቷን ጠረጴዛው ላይ አቁማ ደወለችልሽ። አንቺ ስትታዪ እናትሽ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። አንቺ «እማ፣ እማ፣ ትሰሚኛለሽ?» ትያለሽ። እሷ ግን «ከስታለች» አለችኝ በኛ ቋንቋ፣ ለእኔ፣ አንቺ የማትሰሚ ይመስል። ከዚያ ጉንጭሽን ልትዳብስ እጇን ዘረጋች፣ ጣቷ ቀዩ መዝጊያ ላይ አረፈ፣ ጠፋሽ። ስክሪኑ ላይ የራሷ ፊት ብቻ ቀረ። ገላኔ መልሳ ብትሞክር ኔትወርኩ ሄዷል።

«ተቆጣችኝ?» አለችኝ እናትሽ።

«ኔትወርክ ነው» አልኳት።

«አይደለም፣ ስነካት ነው የሄደችው።»

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። መኪና ውስጥ ሆና እጇን ቶቧ ውስጥ ደብቃ ነበር።

ያን ጊዜ አንቺም እዚያ ኔትወርክ ነው ብለሽ ስልክሽን አስቀምጠሽ ይሆናል። አልነበረም፣ ልትዳብስሽ ነው። አልጋው ላይ ያሉትን መጻሕፍት ገለል አድርጊና ቁጭ ብለሽ፣ ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ደግመሽ ደውዪ። ምንም የምትጠይቂው ነገር ሳይኖርም ደውዪ። እጇን እኔ እይዛለሁ።

ኻሚስ